ዘመም ያለው ካርታ

ፍሬም ሠሪዋ ሐሙስ ሐሙስ ልብስ መምረጥ የጀመረችው መቼ እንደሆነ አክስቷ ጠንቅቃ ታውቃለች። በሌላው ቀን ቀለም የጠጣ ሽርጧን አገልድማ፣ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትውለው ልጅ ሐሙስ ሲመጣ መስታወት ፊት ትቆማለች። መስታወት ደግሞ በቤቱ ሞልቷል፤ ሱቁ የፍሬምና የመስታወት ሱቅ ነው። አክስቷ በአንዱ መስታወት ታያታለች፣ እሷም በሌላው አክስቷን ታያለች፣ ሁለቱም እንዳላየ ሰው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

«ሽቦ ለማጥበቅ ነው እንዲህ የሚለበሰው?» አለች አክስቷ፣ ዓይኗን ከምትቆርጠው መስታወት ሳታነሳ።

«ሰው ቤት ነው የምሄደው። ተዝረክርኬ ልሂድ?»

«ኧረ ሂጂ፣ አምሮብሻል። ብቻ ያ ካርታ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ የተገኘ እንደሆነ ምን ልትሆኚ ነው ብዬ ነው።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ መዶሻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መንገዱን ሁሉ ግን ለብቻዋ ፈገግ እያለች ሄደች።

ስለ ካርታው አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ የሁለቱ ሰዎች ነገር የተንጠለጠለው እሱው ላይ ነውና። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ዳር ዳሩን አዳዲስ ሰፈር ወጣ። ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ግድግዳ አለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን የገነነው ፋሽን የድሮ ካርታ ነበር፤ ሰፈሩ ገና ባዶ ሜዳ ሳለ የተነሳ፣ ጠርዙ የወየበ፣ ጎዳናው በነጠብጣብ ብቻ የታሰበ ካርታ። ሰዎች እንግዳ ሲመጣ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው «ይኸውላችሁ፣ እኛ እዚህ ጋ ነን፤ ያኔ ምንም አልነበረም» ማለት ይወዳሉ። ምንም አልነበረም ሲሉ ደስ ይላቸዋል። አክስትየዋ ካርታዎቹን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮችና ከተዘጉ መሥሪያ ቤቶች ትለቅማለች። ልጅቷ ደግሞ ታጸዳለች፣ የተቀደደውን በስስ ወረቀት ትደግፋለች፣ የደበዘዘውን በውሃ ቀለም ታነቃቃለች።

ትልቁን ካርታ የወሰዱት እዚያ ሱቅ ውስጥ «ባለመጋረጃዋ» የሚባሉት ሴትዮ ናቸው። ስሙን ያወጣችላቸው አክስትየዋ ነች። ሴትዮዋ የመጡት የሳሎናቸውን መጋረጃ ቁራጭ ይዘው ነበር፤ አረንጓዴ ከፋይ። ካርታውን ሁሉ በቁራጩ እያስተያዩ ሲያማርጡ ቆይተው የራሳቸውን ሰፈር የሚያሳየው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቀረ። የሸክላ ጡብ ፋብሪካው አለበት፣ ረጅሙ የጭስ ማውጫ አለበት፣ ከጭስ ማውጫው ሥር ደግሞ የተንጣለለ ሰማያዊ ውሃ። ለጡቡ አፈሩ ሲቆፈር፣ ሲቆፈር ኖሮ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶበት ኩሬ ሆኗል።

«ካርታው ግሩም ነው» አሉ ባለመጋረጃዋ። «ይሄ ሰማያዊ ግን ከመጋረጃዬ ጋር ይጣላል። አረንጓዴ አድርጊልኝ።»

ሰማያዊን አረንጓዴ ማድረግ ቀላል ነው። በታተመው ሰማያዊ ላይ ስስ ቢጫ የውሃ ቀለም መደረብ ብቻ ይበቃል። ከሰዓት በኋላውን ኩሬው መስክ ሆነ። ኩሬው ዛሬ የት ገባ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ልጅቷም አልጠየቀች፣ ሴትዮዋም አልጠየቁ። ለጌጥ የተገዛን ነገር ማን ይመረምረዋል?

ካርታው ከነመስታወቱ ከባድ ስለሆነ ከባለመጋረጃዋ ሳሎን ግድግዳ ላይ ግራና ቀኝ በሁለት ምስማር፣ በሁለት የሽቦ ቋጠሮ ተሰቀለ። ልጅቷ ውሃ ልኳን ፍሬሙ አናት ላይ አስቀምጣ፣ የአየር አረፋዋ መሐል ላይ መቆሟን አይታ ሄደች። በሳምንቱ ስልክ ተደወለ።

«አንቺ ልጅ፣ ፍሬምሽ ዘመመ።»

የዚያን ቀን በር የከፈተላት የሴትዮዋ ልጅ ነበር። የጥርስ ሐኪም ነው፣ ሐሙስ ቤት ይውላል። ልጅቷ ወንበር ላይ ወጥታ፣ ምስማሮቿን በጥርሷ ነክሳ የቀኙን ሽቦ ስታጠብቅ ከኋላዋ ቆሞ አያት አያትና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ፣ ሥራሽ ውስጥ ልገባ ፈልጌ አይደለም። ግን ምስማር በጥርስ አይያዝም።»

አፏ ምስማር ነው፣ ምን ብላ ትመልስ? ዞር ብላ አየችው። እሱ መዳፉን ዘረጋ፣ እሷም ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች አስቀመጠችለት። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ መዳፉን እንደዘረጋ ቆመ። ስትወጣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዶክተር። እርስዎንም አስቸገርኩ» አለችው፤ ያኔ ገና «እርስዎ» ትለው ነበር።

በሳምንቱ ካርታው እንደገና ዘመመ። በሚቀጥለውም እንደዚሁ። ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ዝቅ ይላል፣ ሁልጊዜ እሷ የቀኙን ሽቦ አሳጥራ ታቃናዋለች፣ ሁልጊዜ ምስማር ያዡ ሐኪሙ ነው። «እርስዎ»ው እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ አንድ ሐሙስ «አንተ» ሆነ፤ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ሁለቱም አያስታውሱትም። በመሐሉ የተወራው ነገር ብዙ አልነበረም። እሷ ስለ ወረቀት ትነግረዋለች፣ እሱ ስለ ጥርስ ይነግራታል፣ ዓይናቸው ግን የራሱን ያወራል።

ልጅቷ ነገሩ ገብቷታል፣ ወይም የገባት መስሏታል። የራሷን ቋጠሮ ታውቀዋለች፤ በራሱ አይላላም። ስለዚህ የሚያላላው ሰው አለ። ያ ነጭ ጋዋን የሚለብስ ቁም ነገረኛ ሰው እናቱ ወጣ ሲሉ ጠብቆ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ሽቦዋን ሲፈታ ይታያታልና ብቻዋን ትስቃለች። ሐኪሙም በበኩሉ ገብቶታል። እንዲህ ያለ እጅ ያላት ሴት ሽቦ መቋጠር አያቅታትም፤ አላልታ የምታስረው ሆን ብላ ነው፣ ተመልሳ ለመምጣት። አንዱ ለሌላው ግን ትንፍሽ አላለም። እንዲህ ያለውን ነገር ካወሩት ምኑ ይጣፍጣል?

ሌላም ሌላም ምልክት ነበር፣ ብቻ ማን ልብ ብሎት። የሳሎኑ በር ወለሉን መፋቅ ጀመረ፤ አናጺ መጥቶ ቢልገውም ብዙ ሳይቆይ መልሶ ፋቀ። መስኮቱ አልከፈት አለ። ባለመጋረጃዋ «የቤት ዕቃ ሁሉ አድሞብኛል» ይላሉ። ከመስኮቱ ማዶ የድሮው ጡብ ፋብሪካ የጭስ ማውጫ ብቻውን ተገትሯል፤ ፋብሪካው ከፈረሰ ቆይቷል፣ እሱን ለመንካት የደፈረ የለም። ልጅቷ አንድ ሐሙስ ወንበሩ ላይ ሆና አየችውና ያለምንም ምክንያት ብርድ ብርድ አላት። ሐኪሙ በዚያችው ቅጽበት ምስማር ሲያቀብላት ጣቷን ያዝ አደረገ፣ ብርዱም ተረሳ።

* * *

ይህ ሁሉ ቆይቶ አንድ ሐሙስ ባለመጋረጃዋ በማለዳ ደወሉ።

«ዛሬ ከምሳ በፊት ድረሽልኝ። እንግዳ አለብኝ። የልጅነት ጓደኛዬ ልጇን ይዛ ትመጣለች፣ ለልጄ ያሰብኳት ናት። በዘመመ ፍሬም ሥር አላስቀምጣቸውም።»

ልጅቷ ስልኩን ዘጋች። ያን ዕለት ልብስ አልመረጠችም፣ ሽርጧንም አላወለቀችም። አክስቷ መዶሻዋን አቀበለቻት እንጂ አልቀለደችባትም።

ሳሎኑ ተሰናድቷል። ሳህኑ ተደርድሯል፣ ወንበሩ ተሰልፏል፣ መጋረጃው ታጥቦ ተተኩሷል። ባለመጋረጃዋ ማድ ቤት ውስጥ ትእዛዝ ሲሰጡ ድምፃቸው ይሰማል። ካርታው ግን ካለፉት ሐሙሶች ሁሉ ብሶበት፣ የቀኝ ጫፉ ቁልቁል ተንሸራቶ ተንጠልጥሏል። ሐኪሙ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ።

«ዛሬስ ባትነካው ምን ነበረበት?» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምኑን?»

«ካርታውን ነዋ። ሌላዋን ልትቀበል ሸሚዝ በለበስክበት ቀን እኔን ወንበር ላይ ታቆመኛለህ? ይሄ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?»

«እኔ አልጠራሁሽም። እንዲያውም ዛሬን ባትመጣ እያልኩ ነው ያደርኩት። ይህን ምሳ ለእናቴ ስል እቀመጣለሁ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ስለ አንቺ ልነግራት ነበር።»

ልቧ ዘለለ፤ ንዴቷ ግን ገና አልበረደም። «ታዲያ ሽቦውን ለምን ፈታኸው?»

«እኔ ሽቦ ፈትቼ አላውቅም።»

«ተው እንጂ። ይሄን ሁሉ ሐሙስ?»

«ይሄን ሁሉ ሐሙስማ አላልተሽ የምታስሪው አንቺ ነሽ» አለ፤ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ለመምጣት ብለሽ። አውቄ ዝም ያልኩሽ ደስ ስላለኝ ነው።»

«እኔ ቋጠሮ አላልቼ አላውቅም።»

ማድ ቤት ውስጥ ሳህን ተንኳኳ። የእሱ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ፣ የእሷም ንዴት። እያንዳንዱ ለብቻው ይዞት የኖረው ያ ደስ የሚል ምስጢር የማንም እንዳልነበረ አንድ ላይ ገባቸው። ቀስ ብለው ዞረው ካርታውን አዩት።

አንዱን ጎን እሷ፣ ሌላውን እሱ ይዘው አወረዱት። እስከ ዛሬ ሽቦውን ባለበት ታሳጥራለች እንጂ አውርዳው አታውቅም ነበር። ቋጠሮዎቿ እንዳሰረቻቸው ናቸው፤ አንዳቸውም አልላላም። በሁለቱ ምስማሮች መካከል ግን፣ ካርታው ሸፍኖት የኖረው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። የቀኙ ምስማር ከነግድግዳው ወርዷል። ሐኪሙ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከተተ፣ ጣቱ ዘልቆ ገባ። ሲያወጣው ረጥቧል፣ እርጥብ አፈር ይሸታል።

ልጅቷ ካርታውን ወለሉ ላይ አስተኝታ ተንበረከከች። መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን ካርታው ላይ ፈለገች፣ ከዚያ ቀና ብላ በመስኮቱ እውነተኛውን አየች።

«የእናንተን ቤት አሳየኝ» አለችው።

ሐኪሙ ያደገው እዚያው ሰፈር ነው። ከዋናው መንገድ ተነስቶ፣ የልጅነት መታጠፊያዎቹን በጣቱ እየተከተለ ሄደና አረንጓዴው ላይ ቆመ።

«መስክ ነው» አለ፣ እፎይ ብሎ።

«መስክ አይደለም» አለች። «መስክ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ውሃ ነው። ኩሬውን አፈርና ቆሻሻ ሞልተውበት ነው ቤት የተሠራበት።»

«ምንድን ነው ይሄ?»

ባለመጋረጃዋ በሩ ላይ ቆመዋል፤ በእጃቸው ፎጣ ይዘዋል። ልጃቸው ስንጥቁን አሳያቸው። ልጅቷ ተነስታ፣ እየተርበተበተችም ቢሆን፣ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ዛሬ እንግዶቹ ግቢ ውስጥ ይስተናገዱ፣ ግድግዳውን መሐንዲስ ሳያየው እዚህ ቤት አይደሩ ብላ ለመነቻቸው።

ሴትዮዋ ፎጣቸውን አጣጥፈው ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጡ።

«ይሄን ቤት የሠራው ባሌ ነው» አሉ። «ጡቡን አንድ በአንድ እያንኳኳ፣ ድምፁን በጆሮው እየሰማ ነው ያስገነባው። ‹የማይጮህ ጡብ ቤቴ አይገባም› ይል ነበር። ያረፈውም እዚህች ሳሎን ውስጥ፣ እጄ ላይ ነው። አንቺ ደግሞ እኔ አድርጊልኝ ካልኩሽ አረንጓዴ ሥር ዛሬ ኩሬ አወጣሽበት።»

«እማዬ፣ ስንጥቁ እኮ እዚህ አለ፤ ንኪው» አለ ሐኪሙ።

«ዝም በል። ሐሙስ ሐሙስ የት እንደምታይ የማላውቅ መሰለህ? ዛሬ ለልጄ ሰው ሊመጣ ነው፣ ዛሬ ግድግዳዬ ተሰነጠቀ። ይገርማል።»

«እትዬ፣ በእናትዎ» አለች ልጅቷ። «እኔን አይመኑኝ። ግድግዳውን ይመኑት።»

ባለመጋረጃዋ አተኩረው አዩዋት። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ የባላቸውን ቤት ሊወስድ የመጣ ሰው ፊታቸው የቆመ መስሏቸው ነው።

«እሺ» አሉ። «ልጄን ፈልገሽ ካልሆነ፣ ማይልኝ። ከዛሬ ወዲያ ላታይው፣ ላታናግሪው። ማይልኝና ዛሬውኑ እህቴ ቤት እሄዳለሁ።»

እንቢ እንደምትል እርግጠኛ ነበሩ። ልጅቷ ስንጥቁን አየች፣ የተሰለፉትን ወንበሮች አየች፣ ከሁሉም ለመስኮቱ የቀረበውን፣ ሴትዮዋ ከሰዓት ከሰዓት ሻይ የሚጠጡበትን ትልቁን ወንበር አየች። ሐኪሙን አላየችውም፤ ካየችው አፏ እንደሚያያዝ አውቃለች።

«እምላለሁ» አለች። «አላየውም። እርስዎ ብቻ ይውጡልኝ።»

ካርታውን እንደምንም ከወለሉ አንስታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ባለመጋረጃዋ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሐኪሙ ኮሪደሩ ድረስ ተከተላት።

«እኔን ሳትጠይቂኝ?» አላት። «በአንድ ቃል ጣልሽኝ? እናቴን እኔ አሳምናት ነበር፣ መሐንዲስ አመጣ ነበር። ጊዜ ብትሰጪኝ ምን ነበረበት?»

«ጊዜ ያለን መስሎን ነው እኮ በየሐሙሱ ስንስቅ የኖርነው።»

«ግድግዳ በልጦብኝ ነው በይኛ።»

«እናትህ ናቸው የበለጡብኝ። አንተን ሳይህ እሳቸው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይታዩኛል። እንዲህ ሆኜ ላቅፍህ አልችልም።»

ካርታውን ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ወጣች። ውሃ ልኳን ሳሎን ውስጥ ረስታዋለች። በር ላይ አበባ የያዘች ቆንጆ ልጅ ከእናቷ ጋር ከመኪና ስትወርድ «ቤቱ ይሄ ነው?» ብላ በትህትና ጠየቀቻት። ፍሬም ሠሪዋ ራሷን ብቻ ነቅንቃ አዎ አለቻት፤ ድምፅ ብታወጣ ታለቅስ ነበር።

* * *

ባለመጋረጃዋ ቃላቸውን ጠበቁ። እንግዶቹን ግቢ ውስጥ አስተናግደው፣ ማታውኑ እያጉረመረሙ እህታቸው ቤት ገቡ። መሐንዲስ መጣ፤ ግድግዳውን አንኳኩቶ፣ ክረምቱ ይለፍና ይታያል፣ እስከዚያ ማንም እንዳያድርበት ብሎ ሄደ። ዝናቡ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ለሱቁ አንድ ደብዳቤ መጣ። አክስትየዋ ማን እንደላከው ሳትጠይቅ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣላት ወጣች።

«አላየሁሽም፣ አላናገርኩሽም፤ ስለዚህ መሐላሽን አላፈረስኩም» ይላል። «ሐሙስ እንደ ድሮው ይመጣል፣ እኔ እንደ ድሮው ቤት እውላለሁ፣ ብቻ አክስቴ ቤት ነው፣ ግድግዳው ላይም ምንም የለም። መጀመሪያ ተናድጄብሽ ነበር። ከዚያ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ፤ ያገናኘን ፍቅር አይደለም፣ የሚሰምጥ ግድግዳ ነው አልኩ። አልሆነልኝም። ሽቦውን አልፈታሁትም፤ ግን ቀጥ ብሎ ባገኘው ኖሮ እፈታው ነበር። አንቺስ?»

ልጅቷ መልሱን ጻፈች፤ «እኔም አላላው ነበር» የምትል አንዲት መስመር። አጠፈቻት፣ ፖስታ ውስጥ ከተተቻት፣ ሳትልካት ቀረች። ማታ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጆሮዋን ወደዚያ ሰፈር ትቀስራለች፣ ከዚህ የሚሰማ ይመስል። ግድግዳው ካልወደቀ ሐኪሙን በከንቱ ጥላዋለች። እንዲወድቅ መመኘት ደግሞ እንዴት ያለ ምኞት ነው? በእንዲህ ያለ ሐሳብ መሐል የሚተኛ ሰው የለም።

«ከስተሻል» አለቻት አክስቷ አንድ ቀን። ቀልዱንም ትታዋለች።

* * *

በሌላ ሐሙስ፣ ዝናቡ ለቅጽበት ጋብ ብሎ መልሶ ሲጀምር፣ የሱቁ በር ተከፈተ። ባለመጋረጃዋ ነበሩ። ትልቅ ጠፍጣፋ ነገር በሁለት እጃቸው አቅፈዋል፤ የተጠቀለለው በአረንጓዴ ከፋይ ነው። ከፋዩ ጭቃ ጠጥቷል።

አክስትየዋ ሮጣ ተቀበለቻቸውና ወንበር ሰጠቻቸው። ልጅቷ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ሳሎኑ ሄደ» አሉ ሴትዮዋ።

ጭቃ የነካውን ጥቅል ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ትናንት ከሰዓት ነው። ልብስ ልወስድ ሄጄ በር ላይ ቁልፍ እየፈለግሁ ነበር። ጩኸት እንኳ የለውም። ወለሉ ቁጭ አለ፣ ግድግዳው ተከተለው፣ ከዚያ ውሃው መጣ። መስኮቱ ጋ ያለው ወንበሬ፣ ታውቂዋለሽ፣ የለም።» ከፋዩን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ይሄ መጋረጃ ፍርስራሹ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነው። ካርታውን አንቺ ኮሪደር ላይ አስደግፈሽው ስለነበር ተረፈ።»

«እንኳን እርስዎ ተረፉ» አለች ልጅቷ። ደስታ እንዳይባል ደስታ አይደለም።

«ዛሬ ጠዋት ጎረቤቶቼን በየበራቸው ለመንኳቸው፣ ውጡ ብዬ። ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ቤቷ ፈረሰና የሌላው ሰው መቆም አንገበገባት› አሉኝ። እኔ ላንቺ ያልኩሽን ነው መልሰው ለእኔ ያሉኝ።» ከፋዩን ከካርታው ላይ ገለጡት። «ስለዚህ ሰማያዊውን መልሺልኝ። በዓይናቸው ይዩት።»

ልጅቷ ካርታውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። መስታወቱን ልታወጣ ምስማሮቹን መንቀል ስትጀምር ባለመጋረጃዋ እጇን ያዙት።

«ልጄ ውጭ ነው። ካርታውን እዚህ ድረስ ያመጣልኝ እሱ ነው። ግባ ብለው ‹ምላለች› ብሎኝ ዝናብ ላይ ቆሟል።» እጇን አልለቀቁም። «ያስማልኩሽ እኔ ነኝ፣ የፈታሁሽም እኔው ነኝ። ጥሪው፣ ይታመማል።»

ልጅቷ በሩን ከፈተች። ሐኪሙ ከመንገዱ ማዶ ካለ ግንብ ሥር ቆሟል፣ ውሃው ከጸጉሩ ይወርዳል። ልትጠራው አፏን ከፈተች። እሱ ግን ፊቷን አይቶ ቀድሞ መጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ከኮቱ ሥር ውሃ ልኳን አውጥቶ ዘረጋላት።

«ረስተሽው ነበር» አላት።

«አንተንም የረሳሁህ መስሎህ ነበር?» አለችው፣ እንባዋ ቀድሟት።

«ደብዳቤዬን አልመለስሽም።»

«መልሼዋለሁ። አልላክሁትም እንጂ።» ሽርጧ ኪስ ውስጥ እጇን ከትታ፣ ጠርዙ የተተሻሸውን ፖስታ አውጥታ ሰጠችው። ቆሞ አነበበው፤ አንዲት መስመር ናት፣ እሱ ግን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ የረጠበ ግንባሩን ግንባሯ ላይ አሳረፈ፣ ዝናቡም ሁለቱን አንድ ላይ መታቸው። እንዲህ ተደስታ አታውቅም፤ እንዲህም ፈርታ አታውቅም።

ገብተው ጠረጴዛው ዙሪያ ቆሙ። ልጅቷ ጥጥ በንጹሕ ውሃ ነክራ አረንጓዴውን በቀስታ መጥረግ ጀመረች። ቢጫው በጥጡ ላይ ተነሳ። ከሥሩ ሰማያዊው ብቅ አለ፣ እጇ በሄደ ቁጥር እየሰፋ። ባለመጋረጃዋ ከፍሬሙ ከተነቀሉት ትናንሽ ምስማሮች አንዷን አንስተው ሰማያዊው ላይ አስቀመጡ።

«ይሄ እኔ ነኝ» አሉ።

ብረት በእርጥብ ወረቀት ላይ አይቀመጥም፤ ዝገቱ ይበላዋል። ልጅቷ ይህን በሚገባ ታውቃለች። ዛሬ ግን አልተናገረችም።

ሐኪሙ የቀሩትን ምስማሮች ሰብስቦ፣ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ሐሙስ መዳፉን ዘርግቶ ቆመ። እናቱ ከመዳፉ አንድ በአንድ እያነሱ በየጎረቤቱ ቤት ቦታ፣ ሰማያዊው ላይ ያስቀምጣሉ።

«ይቺ መንታ የወለደችው ናት። ይሄ የጡረተኛው አስተማሪ፣ አንድ ቀን እንኳ ከቤቱ ወጥቶ የማያድረው። እዚህ ጋ ልብስ ሰፊዋ። እዚህ ሙአለ ሕፃናቱ ነው፤ ዛሬ ልጆቹ ገብተዋል።»

አክስትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጅቷ መጥረጓን አላቋረጠችም፤ ሰማያዊው ገና ወደ ካርታው ጠርዝ እየሄደ ነው። በግራ እጇ የሐኪሙን ክንድ ይዛለች።

ባለመጋረጃዋ እጃቸውን ወደ ልጃቸው መዳፍ ላኩ። ባዶ ነበር። ዓይናቸውን ከሰማያዊው ሳያነሱ፣ እጃቸውን ወደ ፍሬም ሠሪዋ ዘረጉ።

«አለቀብኝ» አሉ። «የኔ ልጅ፣ ምስማር ጨምሪልኝ።»